የበረኛዋ እናት

ጂቱን የማያውቅ ሰው ካለ፣ አምቦ ገበያ ድንች ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጎጆ ከምትባለው ደጋ ከተማ በአይሱዙ የሚመጣውን ድንችና ጥቅል ጎመን ተቀብላ ትሸጣለች። ከላይ ትልልቁን ደርድሮ ከሥር ጥራጊውን የሚያስረክባትን ነጋዴ፣ ስሙን ጠርታ ገበያው ሁሉ እየሰማ ነው የምታዋርደው። እኔ ሽታዬ እባላለሁ፤ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቷ ነኝ፣ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ። እኔም ብሆን ነገር በሆዴ አላሳድርም። ባሏ ገቢሳ በሕይወት ሳለ፣ «እናንተ ሁለታችሁ አጥር ባይለያችሁ ሰፈሩ ይቃጠል ነበር» እያለ ይስቅብን ነበር።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሰንብቼ ብጽፈው ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ አልበረደልኝም። ሰው ሁሉ ስለ ኤቢሴ ያወራል፣ ስለ ኤቢሴ እናት የሚያወራ ግን አላገኘሁም፤ ስለዚህ እኔው ላውራ።

ጂቱና ገቢሳ ልጅ አልወለዱም። ገቢሳ ከባኮ በቆሎ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ጌዶ ላይ ሲመሽበት የሚያድረው ከከብት ነጋዴው ከኦቦ ፈዬራ ቤት ነው። ኦቦ ፈዬራ ልጆች በልጆች ነበሩ። ሚስታቸው ካሰች እንደገና ስታረግዝ በሁለቱ ወዳጆች መሃል ነገሩ ተቆረጠ፦ የሚወለደው ወንድም ይሁን ሴት ለገቢሳ ይሰጣል። ይህ በኦሮሞ ወግ ጉዲፈቻ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ መርቀው፣ ቅቤ ቀብተው ሕፃኑን ያስረክባሉ። የወለዱት ደግሞ ከዚያች ቀን ወዲያ «ልጄ» ላይሉ ይምላሉ፤ መሐላውን ያፈረሰ ይረገማል። ሕፃኗ ሴት ሆነች፣ ኤቢሴ ገቢሳም ተባለች። ኦቦ ፈዬራ ቃላቸውን የጠበቁት ያለ ምንም ቀልድ ነው። አምቦ ለገበያ ሲመጡ እንኳ በእኛ ሰፈር በኩል አያልፉም፣ በላይኛው መንገድ ይዞራሉ።

ኤቢሴን በረኛ ያደረጋት ጎመን ነው። የጎመን መኪና ሲራገፍ አንዱ ከላይ ሆኖ ይወረውራል፣ ሌላው ከታች ሆኖ ይቀልባል። የወደቀ ጎመን ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀውን የሚገዛ የለም፤ ጂቱ ደግሞ ጎመን ለጣለ ሰው ምሕረት የላትም። አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ከመኪናው ጎማ ብዙም ሳትበልጥ ቆማ ስትቀልብ አየኋት። ወደ ግራ ቢወረውሩላት ግራ፣ ወደ ቀኝ ቢወረውሩላት ቀኝ፤ አንድም አልጣለችም። ሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ጓንት አውጥቼ ሰጠኋት።

ሰፈርተኛው ያኔ ምን ይል እንደነበር አልረሳሁም። «የገቢሳ ልጅ ወንድ ሆነች፣ ጭቃ ላይ ስትንከባለል ትውላለች» ይላሉ። ጂቱ ድንቿን እየመዘነች፣ «እሷ ወንድ ከሆነች የእናንተን ወንዶች ምን ብለን እንጥራቸው?» ትላቸው ነበር። ገቢሳ ግን የልጅቷን ጨዋታ ብዙ ሳያይ ታሞ ሞተ። ከዚያ በኋላ ጂቱ ጎመኑንም፣ ልጅቷንም፣ የሰውንም ወሬ ብቻዋን ተሸከመች። ለጫማ ከጎደለ ከሸቀጧ እየቀነሰች፣ ለውድድር ሲጠሯት ከአይሱዙ ሹፌሮች ጋር እየላከች አሳደገቻት።

ልጅቷ ለሴቶች ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ተጠራች። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ዕድሜውን ቀንሶ የሚያጭበረብር ስለሚበዛ የእጅ አንጓ አጥንት በማሽን ያነሳሉ፤ ተነሳች፣ አለፈች። ሁለተኛ በረኛ ሆና ካምፕ ገባች። የመጀመሪያው ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ተደርጎ አንድ ለአንድ አለቀ። የመልሱ ጨዋታ ውጭ አገር ነው፤ ያሸነፈ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል። በአዲስ አበባው ጨዋታ ማብቂያ ላይ ግን የመጀመሪያዋ በረኛ በትከሻዋ ወድቃ ተጎዳች። አሠልጣኙ ለእኔ ደወለ። «ኤቢሴ ናት የምትሰለፈው። ፓስፖርት ግን የላትም፤ የልደት ምስክር ወረቀት አምጪ ብንላት አላመጣችም። ፈጥናችሁ ካላደረሳችሁልኝ ሌላ በረኛ እጠራለሁ» አለኝ። ሁለተኛ ናት፣ አትሰለፍም ተብሎ ነገሩ በሁሉም ዘንድ ችላ ተብሎ ኖሯል። እዚያ ላይ ነው ንዴቴ የጀመረው።

ጂቱ ሸቀጧን በጆንያ ከድና፣ እጇን እንኳ በወጉ ሳትታጠብ ወደ ቀበሌ ሄድን። የልደት ምዝገባ ላይ ያለችው ልጅ ምኞት ትባላለች። ክፉ አይደለችም፤ ሥራዋን የምትወድ፣ ከሰው ይልቅ መመሪያዋን የምታምን ዓይነት ናት። «ምስክር ይዛችሁ ኑ» አለችን። አንዷ ምስክር እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ጂቱ ራሷ መረጠች፤ ኦቦ ጉታን። ሰፈሩ ውስጥ የእሳቸውን ቃል የሚጠራጠር የለም። ያን ጊዜ ሕፃኗን ከጌዶ ያመጡት ሽማግሌም እሳቸው ናቸው። ለገናና ለፋሲካ ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ደስ ብሏቸው ነበር። ለምስክርነት መጠራት ለእሳቸው ክብር ነው።

«ወላጅ እናት እርስዎ ነዎት?» አለች ምኞት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ጂቱ ዓይኗን ሳትሰብር።

«አባባ፣ እርስዎስ ይህን ያውቃሉ?»

«እንዴታ» አሉ ኦቦ ጉታ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ከፈዬራ ቤት አንስቼ በጂቱ ጭን ላይ ያስቀመጥኳት በእነዚህ እጆቼ ነው። እንደ ሥርዓቱ ነው፣ አንድ ነገር አልጎደለም። ቅቤው ተቀብቷል፣ ምርቃቱ...»

ጂቱ በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጠቻቸው።

«ለምን ትረግጪኛለሽ?» አሏት። «እውነቱን እየነገርኩልሽ ነው እኮ።»

ምኞት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ወላጅ እናት አይደሉም ማለት ነው፣ አባባ።»

«ከወላጅም በላይ ናት እንጂ።»

«እኔ ጋ ‹ከወላጅ በላይ› የሚባል ቦታ የለም» አለች፤ አነጋገሯ እንኳ ረጋ ያለ ነበር። ቀጥላም ጉዲፈቻ ከሆነ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ውሳኔ እንደሚያስፈልግ፣ ያ ከሌለ ግን የወለዳት አባት ራሱ ቀርቦ ማስመዝገብ እንዳለበት ነገረችን።

ደሜ ፈላ። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል እኮ ከዚሁ አገር ሰው አፍ የተወሰደ ነው። ቃሉን ወስደው ሕግ ጻፉበት፤ ከዚያ ቃሉን ለሰጠው ሰው ማስረጃ አምጣ አሉት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኼኔ ነው። ይህንኑ ለምኞት ነገርኳት፣ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ዘበኛው ብቅ አለ። ፍርድ ቤት ሄድን፤ የክረምት እረፍት ላይ ነው፣ ያለው ተረኛ ችሎት ነው፣ እሱም የታሰረ ሰው ጉዳይ እንጂ የእኛን አያይም።

በመንገዳችን ላይ ጂቱ ኦቦ ጉታን አላናገረቻቸውም። እሳቸው ግን ጥፋታቸው አልገባቸውም። ለእሳቸው ጉዲፈቻ መባሉ ዝምድናውን ያጠነክረዋል እንጂ ያፈርሰዋል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚህ ምድር መኖሩን አልጠረጠሩም። ሲገባቸው መንገድ ላይ ቆሙ። «ብዋሽ እኮ» አሉ፣ «ያን ቀን በሽማግሌ ፊት ያልኩት ሁሉ ውሸት ይሆንብኝ ነበር።»

«ሰው እስከ ዛሬ ኖሮ አንዲት ቀን መዋሸት እንዴት ያቅተዋል?» አለች ጂቱ ለእኔ፣ እሳቸው እንዲሰሙ። ዕንባዋ ግን መጥቶ ነበር።

ኤቢሴ ከካምፕ ደወለች። ነገሩን ሰምታ፣ «እማ፣ በሌላ አባት ስም አልሄድም፤ ይቅር» አለች። ከጂቱ እንዳልተወለደች፣ በጉዲፈቻ እንደተሰጠች አምቦ ሁሉ ያውቃል፣ እሷም ከድሮ ጀምሮ ታውቃለች። ጂቱ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችው፣ ከዚያ መልሳ አስጠግታ፣ «ትሄጃለሽ» አለቻት። «ጎመን ስትቀልቢ ያደግሽው እኔን ለማጽናናት አይደለም።» ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ በሚኒባስ ጌዶ ሄድን። የከብት ገበያው ጭቃ ነው፣ ዝናቡ ገና አላባራም። ኦቦ ፈዬራ በአንድ ቀይ በሬ ዋጋ እየተከራከሩ ነበር። ጂቱን ሲያዩ በሬውን ትተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ለዓመታት ያልቀረቧት ሴት ናት፤ ልጅቷ የሞተች መስሏቸው ነው የደነገጡት። አለመሆኑን ነግረን፣ የመጣንበትን አስረዳናቸው። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፣ እኔም እሰማለሁ።

«አልችልም» አሉ። «ምዬአለሁ።»

«ስሟን ለማስያዝ ብቻ ነው።»

«ስሟን ለማስያዝ ‹ልጄ ናት› ማለት አለብኝ። የማልኩት ያንን ላልል ነው። ገቢሳ ደግሞ ሞቷል፤ በሞተ ሰው ላይ ቃል አይታጠፍም።»

ሰውየው ልክ ናቸው፤ እኔን ያቃጠለኝም ይኸው ነው። እንደ ማንኛውም ቃሉን እንደሚሸጥ ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ እዚያው ተሰድበው፣ እዚያው ያልቅ ነበር። ጂቱ እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ትላቸው ነበር። አሁን አንተ አለቻቸው።

«ፈዬራ፣ ስማኝ። አንድ ቀን መጥተህ ‹ልጄ› እንዳትል ስፈራ ነው የኖርኩት። ከጌዶ የመጣ መኪና ባየሁ ቁጥር ልጅቷን ጠርቼ ከጎኔ አስቀምጥ ነበር። ገቢሳ ሲሞት ያለቀስኩት ለእሱ ብቻ መሰለህ? አሁን ፈዬራ ይመጣና ይወስዳታል ብዬም ነው። ዛሬ በእግሬ መጥቼ ‹በል› ስልህ፣ አልልም ትለኛለህ?»

ኦቦ ፈዬራ ዱላቸውን ጭቃው ላይ እያዞሩ ቆዩ።

«እርግማን ካለው በእኔ ላይ ይሁን» አለች።

«የሚፈታው ያሰረው ሽማግሌ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጉታ ከፈታኝ እመጣለሁ።»

ያ ማለት ጂቱ ወደ ኦቦ ጉታ ደጅ መመለስ ነበረባት። እኔ ብሆን ከመሄድ አጥሩን በጥርሴ ብነቅል እመርጥ ነበር። እሷ ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም። ኦቦ ፈዬራ አምቦ የገቡ ዕለት ግን ኦቦ ጉታ ያንኑ ኮት ለብሰው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ቀበሌው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ዘበኛው «ሣሩን ይጣሉ» አላቸው፣ አልሰሙትም። ሣሩን ለኦቦ ፈዬራ አስይዘው ጥቂት ቃል ተናገሩና መልሰው ተቀበሏቸው። ያ ነበር መፍታቱ። ከዚያ ሁላችንም ገባን።

«ልጅዎ ናት?» አለች ምኞት።

ኦቦ ፈዬራ ጂቱን አዩ። ምኞት ጥያቄውን ደገመች። ጂቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እያየች፣ «በል» አለቻቸው።

«ልጄ ናት» አሉ።

እኔ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፣ ፊቱ ግን እንደዚያ ሲወድቅ አላየሁም። ምኞት ጻፈች። ሰውየው እንደወጡ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ዘንድ ሄደው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ደጋግመው ተፉት። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ወረቀቱ ወጣ። ጂቱ ማንበብ ትችላለች፤ ባትችል ይሻላት ነበር። የልጅ ስም፣ ኤቢሴ። የአባት ስም፣ ፈዬራ። የእናት ስም፣ ካሰች። ጂቱ የሚል በየትም የለም። ያጠባቻት ባይሆን እንኳ በጀርባዋ አዝላ ድንች የሸጠች፣ ኩፍኝ ሲይዛት ዓይኗን ያልከደነች፣ የገቢሳን ዕዳ ብቻዋን ገፍታ ያስተማረቻት ሴት በዚያ ወረቀት ላይ አልተፈጠረችም። ምኞትን «ሌላ ቦታ የለም?» አልኳት። «ምን ዓይነት ቦታ?» አለችኝ፣ ከልቧ ነው። ወረቀቱን ልቀደው እጄ ተነስቶ ነበር። ጂቱ ነጠቀችኝና ገበያ በምትይዘው ፌስታል ውስጥ ከተተችው። «ጎመን የሚወርድበት ሰዓት ደርሷል» ብላ ሄደች።

ፓስፖርቱ ደረሰ፣ ልጅቷም ሄደች።

የጨዋታው ዕለት ለሊሳ ቤት ሄድን። ለሊሳ ቅዳሜና እሑድ የአውሮፓ ኳስ የሚያሳይ ሰው ነው። ያን ቀን ስልኩን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ የሴቶቹን ጨዋታ ከፈተ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጭቃ ላይ ትንከባለላለች እያሉ ሲያሾፉ የነበሩት ሁሉ ፊት ወንበር ይዘዋል፤ አንዳንዶቹ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ ለብሰዋል፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ጂቱ ከገበያ ቀጥታ ስለመጣች ሽርጧን አልፈታችም። ከጎን ባለች ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ «ነይ ፊት» ያላት የለም።

ጨዋታው ተጀመረ። ተንታኙ የተጫዋቾቹን ስም ከወረቀት ላይ ነው የሚያነበው። «በረኛዋ ኤቢሴ ፈዬራ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አለ። እያንዳንዱ ኳስ ወደ እሷ በመጣ ቁጥር ፈዬራ፣ ፈዬራ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጂቱን እያየሁ ነው፣ እሷ ሜዳውን ብቻ ታያለች።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር በሩ ተከፈተ፣ ኦቦ ፈዬራ ገቡ። ከጌዶ በጭነት መኪና መጥተው ኖሯል፣ ኮታቸው ጭቃ ነው። በር ሥር ሊቆሙ አስበው ነበር። ለሊሳ ግን አወቃቸው። «አባቷ መጡ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ፊት ወንበር ለቀቁላቸው፣ ቢራ አዘዙላቸው፣ እጃቸውን እየተቀባበሉ ጨበጧቸው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ እንዲህ ያለች ጀግና ወለዱልን» ይላሉ። ጨብጠው ሲመለሱ ጂቱን በክርናቸው እየገፉ ነው የሚያልፉት። አንዱማ የቢራ ጠርሙሱን ጂቱ ፊት ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና፣ «እማማ፣ ይህን ያዙልኝ» አላት። ያን ቀን ሰው አልገደልኩም፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኦቦ ፈዬራ ቢራውን አልነኩትም። አንገታቸውን ደፍተዋል።

ያኔ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ ለባለሜዳዎቹ። ልጅቷ መስመሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች፣ ኳሱ ወደ ግራ ተመታ፣ እሷም ወደ ግራ ተወረወረች። አወጣችው። «ኤቢሴ ፈዬራ! ኤቢሴ ፈዬራ!» አለ ተንታኙ፣ እየጮኸ። ቤቱም ተቀበለው። «ፈዬራ! ፈዬራ!» እያሉ ሽማግሌውን ከወንበራቸው ሊያነሱ ይጎትቷቸው ጀመር።

ኦቦ ፈዬራ እጃቸውን ከመሃላቸው አስለቅቀው ራሳቸው ተነሱ። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙና ዱላቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱት።

«ኢንተለ ገቢሳቲ» አሉ። «የገቢሳ ልጅ ናት። እኔ ልጄ ያልኳት ወረቀት ለማግኘት ዋሽቼ ነው። እናቷ ያችውላችሁ፣ ሽርጥ የታጠቀችው። እጅ መጨበጥ ካማራችሁ የእሷን ጨብጡ።»

ጠርሙሱን ያስያዛት ሰውዬ ቀስ ብሎ መጥቶ ጠርሙሱን አነሳ። ሰው ሁሉ ወደ ጂቱ ዞረ፣ ጂቱ ግን ወደ ማንም አልዞረችም። አንገቷን አሁን በኦቦ ፈዬራ በቀኝ፣ አሁን በግራ እያሰገገች ነበር።

«ይቀመጡ፣ ኦቦ ፈዬራ» አለች። «ልጄን ጋረዱብኝ።»